ጥቀርሻውን ከጠጠሩ ያቃጠልኩ ዕለት

ኅዳር ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ሐይቅ። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው፤ ከውሃው የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ነን።

ሰይድዬ፣ ባሌ፣ በሞት ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም፤ ለማን እንደምናገረው ስላጣሁ ለአንተ ጻፍኩ።

ታጣቂዎቹ ከተማውን ከያዙ ወዲህ መብራት ጠፍቷል፣ ናፍጣም አይገባም። ወፍጯችን ቆሟል። ሰው እህሉን ቀቅሎ ይበላል። የእማማ ጥሩ ምራት አራስ ናት፤ ንፍሮው አልስማማት ብሎ ወተቷ እየቀነሰ ነው። በእጅ ወፍጮ የምንፈጭላት ለአጥሚት እንኳ አልበቃትም። ከአገዳ ጭስ የሞተር ነዳጅ ለማውጣት ስትደክም እማማ ጥሩ “የሰይድ ድንጋይ አገዳ በልቶ ጭስ ይተፋል” እያሉ ይስቁብህ አልነበር? ትናንት ግን “በይ እስቲ፣ ያንን ጭስሽን አምጪው” ብለው መጡ።

አገዳውን በርሜል ውስጥ ዘግቼ አነደድኩበት፤ እንፋሎቱ ጠጠር በሞላህበት ቱቦ አለፈ። የወጣው ግን ጥቁር፣ ውሃ የበዛበት፣ ሽታው የሚኮመጥጥ ፈሳሽ ነው። ሞተሩ ውስጥ ብጨምረው ሞተሩን እገድለዋለሁ። ቱቦውን ስከፍት ጭሱን ወደ ዘይት የሚለውጠው፣ ዚዮላይት የምትለው ጠጠር እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከሲሚንቶ ከረጢት እየቀደድክ የጻፍክባቸውን ወረቀቶች አወጣሁ። ማንበብም የተማርኩት በእነሱ ነው። ጥቀርሻ የጠጠሩን ቀዳዳዎች ሲደፍን በቀስታ አየር እየሰጡ ማቃጠል ነው ይላል።

በቀስታ የሚለውን ለምን ሁለቴ እንዳሰመርክበት አውቃለሁ። ያኔ ቸኩለህ ወናፉን በኃይል ስትነፋ ቱቦው ቀላ። ጠጠሩ እንደ ወተት ነጥቶ ወጣ፤ ደስ ብሎን ጎረቤት ጠርተን አሳየን። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልሠራ አለ። ጥቀርሻው ራሱ ሲነድ ከምድጃው በላይ እንደሚግል፣ የጠጠሩንም ውስጥ እንደሚያፈርሰው የነገርከኝ ኋላ ነው። አሁን የቀረን አንድ ጣሳ ነው። ባበላሸው ሌላ የለም፤ ቢነጣም መዳኑን ዓይኔ አይነግረኝም።

ደግሞ ሽታ የሌለው ጋዝ ስለሚገድል በር ክፈቱ ብለሃል። የፊቱ በር ወደ አስፋልቱ ነው፤ ታጣቂዎቹ ይመላለሱበታል። በሐይቁ በኩል ያለውን ከፈትኩ። እማማ ጥሩ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊታቸውን ጀመሩ፤ እኔም ቢስሚላህ ብዬ ወናፉን ያዝኩ። አንዴ እነፋለሁ፣ ቆም ብዬ ቱቦውን አያለሁ። ሊቀላ ሲል ፍሙን እስባለሁ። ቶሎ ቶሎ ሳቆም አይተው “ኧረ ልጄ፣ እሱስ እንዲህ አይፈራም ነበር” አሉኝ። ትፈራ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እየፈራህ መሥራትህን እስክሞት አልረሳውም።

ዓርብ ጠዋት። አዲስ አገዳ ሞልቼ ለኮስኩ። የወጣውን በብርጭቆ ተቀብዬ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ሻይ የመሰለ ዘይት ከውሃው ተለይቶ ከላይ ሰፈፈ። ሊትር ያህል ሲሞላልኝ ከድሮው የናፍጣ በርሜል ሥር ካንጠፈጠፍኳት ናፍጣ ጋር ቀላቅዬ ለሞተሩ ሰጠሁት። የወፍጮ ቤቱን በር ከውስጥ ቀርቅሬ የሞተሩን ማስነሻ ማኒቬላ አዞርኩ። በሦስተኛው ተነሣ። ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እማማ ጥሩ ስልቻውን አቀበሉኝ፤ እህሉን አፈሰስኩ።