የካፒቴኑን እጅ ስለቆረጠው በር

ለተከበሩ የፊልም ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በየኮከቡ የሚያሰማሯቸው መርከቦችም ሁሉ በደህና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በበኩላችን፣ አዲሱ ፊልምዎ ቤታችን ካስገባው ዝምታ በቀር፣ ደህና ነን።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለ ብረት እጁ ካፒቴን በስምንት ፊልሞች ጠፈሩን ሲያምስ፣ ግራ እጁን እንዴት እንዳጣ ማንም ሳይነግረን ኖረናል። ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶዎት የወጣትነት ታሪኩን ለብቻው በአንድ ፊልም ስለሠሩልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸውና በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

አንደኛ፦ ማስታወቂያዎ «የቀደሙትን ያላየ ሰውም ሊያየው ይችላል» ይላል። እውነት ነው፤ የተጎዳነው ሁሉንም ያየነው ነን።

ሁለተኛ፦ ባለቤቴ በያጅ ነው። ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ሲበይድ ውሎ ሲገባ ከአፉ ቃል አይወጣም፤ ዲዳ የመሰላቸው ጎረቤቶችም ነበሩ። ከእራት በኋላ ግን ትንሿ ልጃችን «አባዬ፣ ካፒቴኑ እጁን እንዴት አጣ?» ስትለው ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን እጁ የቀረው የተሰነጠቀች መርከብ ደግፎ ነው፤ ሌላ ቀን ከጠላቱ ጋር ተወራርዶ። አንዴማ ሚስቱን ሊያወጣ እሳት ውስጥ ከትቶት ነው ሲል፣ እኔም ሳህን ማጠቤን ትቼ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ አንድም ቀን «ትናንት እንዲህ አላልክም» ብላው አታውቅም።

ሦስተኛ፦ እርስዎ ደግሞ እጁን በር ቆረጠው አሉን። በር! የረሳውን ኮፍያ ሊያነሳ ሲመለስ በሩ ተዘጋበት፤ ለዚህም ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ አልን፣ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ጓድም ደከመ። በሩን ግን አላማም፤ ባለቤቴ ብየዳው ንጹሕ ነው ብሏል።

ስንመለስ ልጄ ታክሲ ውስጥ «አባዬ፣ በር ነው እኮ! አንተ አታውቅም ነበር ማለት ነው?» አለችው። እሱም «እንግዲህ የሠሩት ሰዎች ያውቃሉ» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እራቱን በልቶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ናፍቆኛል፤ አጠገቤ ተኝቶ ናፈቀኝ። ይህን ለማያውቁት ሰው መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን የወሰዱብኝ እርስዎ ሆነው ሳለ ለማን አቤት ልበል?

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቱ አስረሳኝ።

የምለምንዎ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ፊልምዎ ውስጥ አንድ ሰው፣ ከጥግ የቆመ አስተናጋጅም ቢሆን፣ «የበሩ ወሬ ውሸት ነው» ብሎ ይለፍ። ፊቱን ማሳየት እንኳ አያስፈልግም።

ያልተጠየቀውን ሁሉ ለመመለስ ለማይታክተው ክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የበያጁ ሚስት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ልጅቷ እራት ላይ የብረቱን እጅ ማን እንደሠራለት ጠየቀች። ፊልምዎ ይህን መናገር ረስቷል። ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና «በያጅ ነዋ!» አለ፤ ይኸው እስካሁን እየነገራት ነው። ስለዚህ የበሩን ልመናዬን ትቼዋለሁ። ለእርስዎ ከባድ እንደሚሆን ይገባኛል፤ ግን በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይህችን አንዷን አይንገሩን።