የማለዳው ጥያቄ

ኅዳር 6 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ቀየት

የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለ መርሳት በርትቷል። እንዳይብስባቸው ብዬ በየማለዳው የልጆቻቸውን ስም እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬም የበግ ፀጉር እየፈተሉ ሳሉ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አስተምረህ የእህትህን ልጆች ስም አታውቅም?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው ግን እንዝርቱን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ስሙ ጠፍቷቸው አፍረው ኖሯል።

የልጃቸውን ስም እኔው አንሥቼ፣ «ተሰማ ዛሬ ከጓሳ ሣር ይዞ ይመጣል» አልኋቸው።

«ተሰማዬ? ጓሳው ተከፈተ እንዴ? ሳይከፈት አጭዶ እንዳያስቀጣን!» አሉና እንዝርቱን አነሡ። የወሉ ሣር ምድር ቀኑ ደርሶ ሳይከፈት እንደማይታጨድ አልረሱም።

ከእንግዲህ አልፈትናቸውም። ስሞቹን እኔው እየነገርኋቸው ጨዋታቸውን እጠብቃለሁ። የእኔንም ስም ከጠሩ ሰንብተዋል፤ ነገ ከእሱ እጀምራለሁ።