ከወይራው ሥር ሽፋን አለ

ሰኞ

የኔትወርክ ሽፋን አላችሁ ተባልን። በቃ። ርዕሰ መምህራችን ጌታነህ ከደብረ ማርቆስ ስብሰባ ተመልሶ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መሃል ቆሞ ነው የነገረን። ትከሻው ላይ ከስብሰባው የተሰጠው ቦርሳ፣ ቦርሳው ላይ «ሀገራዊ የዲጂታል ተወዳዳሪነት» የሚል ጽሑፍ። ቆንጆ ቦርሳ ነው። ዚፑ ግን ከአሁኑ አልዘጋም ብሏል።

ለገመድ አልባው ብሮድባንድ የሚተከለው ማማ ምልክት በሌለበት ቀበሌ ይቆማል ተብሎ ነበር። ከአምበር ዝቅ ብላ ተራራ ሥር ከተሸጎጠችው ከእኛ ቀበሌ የባሰ ከየት ይመጣል? ብዬ ስንት ወር ሙሉ ስኮራ ከረምኩ። በጉድለታችን መኩራቴ ነው እንግዲህ። ለካ ለኪዎች መጥተው፣ ለክተው፣ ሄደዋል። ውጤቱ «በጣም ጥሩ»። ማማው ለሌላ ቀበሌ ሆኗል።

«የት ጋ ነው የለኩት?» አልኩት። አያውቅም። የመጡት እኔ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ በነበርኩበት ሳምንት ነው፤ እሱም ያን ቀን ወረዳ ነበር።

የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሮቹ ከመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አቧራ እንዳይገባባቸው ከደሴ ባመጣሁት አቡጀዲ በእጄ የሰፋሁላቸውን ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል። ሽፋን ማለት ይኼ ከሆነ፣ አዎ፣ አለን።

ልጆቹን ኢንተርኔት የማስተምራቸው በጠመኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ሳጥን እሥላለሁ፣ ከላዩ አድራሻ እጽፋለሁ፣ «እዚህ ስትጫኑ ሌላ ገጽ ይከፈታል» እላለሁ፤ ከዚያ ዳስተር አንሥቼ አጠፋና ሌላውን ገጽ እሥላለሁ። ባለፈው ሳምንት ስንዱ የምትባለው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሲከፈት ድምፅ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ከልቧ ነው። ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው?

ማክሰኞ

ማን እንዳስለካ ታወቀ። መሪጌታ ናቸው!

መሪጌታ ልሳነወርቅ የጊዮርጊስ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከእኔ ጀርባ ነው። እዚህ ስመደብ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት ተብሎ ቤት የሚያከራየኝ ሳጣ፣ «እንግዳ ናት፤ ምን ሆናችኋል?» ብለው ቤት ያስገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልቆጣቸው አልችልም። ይኼ ደግሞ ይብስ ያናድዳል።

ጠዋት በአጥር ላይ ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። «እንዴታ! በመኪና መጡ። የከተማ ልጆች ናቸው፤ አቧራው ጨርሷቸዋል። ‹አባታችን፣ ኔትወርክ ልንለካ ነው› አሉኝ። እኔ ምን በወጣኝ ደረቅ ሜዳ ላይ አቆማቸዋለሁ? ወስጀ ከወይራው ሥር!»

ወይራው ከጊዮርጊስ ቅጥር ውጭ ባለችው ጉብታ ላይ ነው። በዚህ ቀበሌ ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። በሁለቱ ተራሮች መሃል ትንሽ ምልክት ከአምበር በኩል ሾልካ እዚያች ጉብታ ላይ ታርፋለች። ሰዉ ስልኩን በፌስታል አድርጎ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላል፤ ሲጮህ የማን እንደሆነ በድምፁ ይታወቃል፤ ባለቤቱ ተጠርቶ ይመጣል።

«አጎዛ አነጠፍሁላቸው፣ ጠላም ዳቦም ቀረበ። ያ ማሽናቸው ገና ከመቀመጡ ጮኸ። እነሱም ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ እነሱ እኮ ማየት የነበረባቸው የሌለበትን ነው» አልኳቸው።

«የሌለበትን? ለእንግዳ?» አሉ። ደነገጡ። እኔ ማማው እንደቀረ ስነግራቸው እጃቸው አጥሩ ላይ ቀረ። እኔ ክፍለ ጊዜዬ ደርሶ ሄድኩ።

ረቡዕ

ማመልከቻ ይዤ ደብረ ማርቆስ፣ ሽፋኑን ወደሚከታተለው ቢሮ ደርሼ መጣሁ። ወገቤ አልቋል።

የቢሮው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ችግሩም ይኼው ነው፤ የሚሰደብ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ካርታውን ኮምፒውተሩ ላይ ሊያሳየኝ ሞክሮ «ይቅርታ፣ ሲስተም የለም» አለ። የስንቱን ወረዳ ሽፋን የሚከታተል ቢሮ ሲስተም የለውም! ግድግዳው ላይ በተለጠፈው አሳየኝ። ቀበሌያችን አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች። የለኩት ሌሎች ናቸው፤ ለዚሁ በኮንትራት የተቀጠሩ። እሱ ቀበሌያችንን አያውቃትም።

ማመልከቻዬን አወጣሁ። በወረቀት መቀበል ቀርቷል። ቅሬታ የሚቀርበው በስልክ ነው፤ ፕሮግራሙን ራሱ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። እንግዲያው አሁኑኑ እዚህ ቁጭ ብዬ ልላከው አልኩ። አይሆንም። ሲስተሙ የላኪውን ቦታና የምልክቱን ጥንካሬ አብሮ ስለሚመዘግብ ከዚህ ብልከው የደብረ ማርቆስ ቅሬታ ይሆናል። ከቀበሌው መላክ አለበት።

«ምልክት ከሌለ እንዴት ይላካል?» አልኩት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ። አላህ ያሳያችሁ፣ ከልቡ ነው ያለው።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነገሩን አገላበጥኩት። ቅሬታው ከተላከ ሽፋን አለ ማለት ነው። ካልተላከ ቅሬታ የለም ማለት ነው። ይኼን ያወጣው ሰው ሳይነግረን ቅኔ ቤት ገብቷል።

አንድ ነገር ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ሰኞ ባለሙያው ለሌላ ሥራ በእኛ በኩል ያልፋል፤ አለቃው ከፈቀደለት ዳግመኛ ይለካልናል። የማማ ተከላው ዕቅድ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነው። ካመለጠን አመለጠን።

ሐሙስ

ጊዮርጊስ ነው ዛሬ። ከወይራው ሥር ሰዉ ግጥም ብሏል፤ ፌስታሉ ሁሉ ይጮኻል። እኔ ወደዚያ ዝር አላልኩም፤ ያን ዛፍ ማየት አስጠልቶኛል።

ክፍል ውስጥ ሆኜ ቅሬታውን ሞላሁት። ይላካል ብዬ አይደለም፤ ልጆቹ እንዲያዩት ብዬ ነው። «በትምህርት ቤታችን ምንም ዓይነት ምልክት የለም» ብዬ ጻፍኩ። «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ «ግንኙነት ሲገኝ ይላካል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ስንዱና ጓደኞቿ ተንጠራርተው አንብበው በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሰሌዳው ላይ ሳጥኔን መሣል ጀመርኩ።

ወደ ማታ መሪጌታ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። የማክሰኞውን ነገር ላለማንሣት ዙሪያ ጥምጥም ሄዱና «ለመሆኑ ይኼ ገመድ አልባ የምትሉት ምንድን ነው ልጀ?» አሉ። በአየር የሚመጣ፣ ሽቦ የማያስረው ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «ገመድ የሌለው እንስሳ እኮ ያማረው ማሳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀረው። ያንችም አምበር ላይ ለምለም አግኝቷል» አሉና ቅኔ ሲሆንላቸው እንደሚያደርጉት ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ሳቄ አመለጠኝ። ኩርፊያዬ ገና አላለቀም ነበር።

መብራት ሄዷል። ስልኬም ሞቷል። ይሙት።

ዓርብ

መብራት የለም።

መሪጌታ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም። ከበሩ ላይ ቆመው «ወይራውን እናስቆርጠው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። ቀልድ አይደለም። «ቄሰ ገበዙን እኔ አነጋግራለሁ። ለልጆች ትምህርት ነው ካልሁት እሺ ይለኛል። ዛፉ ከሌለ ለኪዎቹም አይሳሳቱም።»

ከዚያ ዛፍ ሥር ቅኔ ተምረዋል። ዛሬም ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እያስደገሙ የሚያስቀጽሉት እዚያው ነው።

ዛፉ አይደለም መሪጌታ፣ ቦታው ነው አልኳቸው። ምልክቱ በተራሮቹ መሃል ሾልኮ ጉብታው ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ዛፉ ቢቆረጥም ያው ነው አልኳቸው።

«ቦታውንማ በምን እቆርጠዋለሁ» አሉና ተመልሰው ሄዱ። ነጠላቸውን መሬት እየጎተቱ።

ክፍሉን ዘግቼ አለቀስኩ። አፈርኩም። አንድ ሽማግሌ ለእኔ ብሎ የሚወደውን ዛፍ ሊያስቆርጥ የሚነሣበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይኼ ሁሉ ለኪዎቹ ከጉብታው ትንሽ ራቅ ብለው ደግመው መለካት ስላልፈለጉ!

ቅዳሜ

ይመጣሉ! ጌታነህ ለጉዳዩ አምበር ወጥቶ ባለሙያውን ደውሎ አግኝቶታል። ሰኞ ጠዋት፣ እሱ ራሱ፣ ማሽኑን ይዞ።

ለእናቴ ልደውል ብዬ ስልኬን አነሣሁ። ሬሳ ነው። መብራት ዛሬም የለም።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። በዚህ ቀበሌ የመንግሥት መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ይመራል። እሳቸው ካልተቀበሏቸው ሌላው ሽማግሌ ይቀበላቸዋል፣ ሌላው ደግሞ በቀጥታ ወደ ወይራው ነው። መሪጌታ ራሳቸው ክፍሉ ውስጥ ማስገባት አለባቸው። ማን ይንገራቸው? እኔ።

እሑድ

ነገርኳቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ላይ ጠብቄ።

«አጎዛውስ?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ይነጠፋል አልኩ። «ጠላውስ?» እዚያው። «ማሽኑ ዝም ሲልስ?» ዝም ይበል፣ እሱን ነው የምንፈልገው። «እንግዳ ፊት?» አሉኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ አንጀቴን በሉት። አንድ ሰው በቤቱ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ለመጣ ሰው እያስጎበኘ እንዲዞር እንደጠየቅኋቸው ገባኝ። ቢሆንም አልለቀቅኋቸውም። ስለ ስንዱ ነገርኳቸው፤ ኢንተርኔት ሲከፈት ድምፅ አለው ወይ ብላ እንደጠየቀችኝ።

«አለው?» አሉኝ መሪጌታ።

የለውም አልኳቸው። «እሽ» አሉ።

ሰኞ

መጡ። ሄዱም።

መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተቀበሏቸው፤ «ግቡ፣ ግቡ» እያሉ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ። አጎዛው አግዳሚው ላይ ተነጥፏል። ባለሙያው ማሽኑን አንዱ ኮምፒውተር አጠገብ አስቀመጠው። ዝም። ወደ መስኮቱ ወሰደው። ዝም። ግቢውን ዞረ፣ ባንዲራው ጋ ሄደ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሳይቀር ለካ። ዝም። መሪጌታ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። «ይኸው ነው ያለን» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ «ትክክል ነበሩ» አለኝ። ይኼን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ ማሽኑን እየዘጋ፣ ምንም ሳይመስለው «ውጤቱን ከዚሁ ብልከው ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ካልገባ ያስቸግራል። አባቴ፣ ትንሽ ምልክት የሚገኝበት ቦታ የለም?» አለ።

ጌታነህ ጣሪያውን አየ። እኔ መሪጌታን አየኋቸው። በዚህ ቀበሌ ውኃ ለጠየቀ ጠላ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ወደ ጊዮርጊስ ዞር ብለው አማተቡና፣

«የለም» አሉ።

«እንግዲያው ማርቆስ ደርሼ እልከዋለሁ» አለ ባለሙያው። ጠላውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። መሪጌታ አጎዛው ላይ ቁጭ አሉ። «ለእንግዳ የለም ብየ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ሊያቅፏቸው የሚገባ ሰው ነበሩ፤ ወግ ሆኖብኝ ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም መብራት መጣ! አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስልኬን ሰክቼ ጥቂት እንደሞላ ነቅዬ ወደ ጉብታው ሮጥኩ። ካስጠላኝ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለእናቴ ልነግራት። አንድ ነገር አሸነፍኩ ልላት።

ከወይራው ሥር ቆሜ ቁጥሯን ሳልነካ ስልኩ ጮኸ።

«ቅሬታዎ ተልኳል። እናመሰግናለን። የምልክት ጥንካሬ፦ በጣም ጥሩ።»

የሐሙሱ። ረስቼዋለሁ። ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ለልጆቹ ማሳያ ብዬ የሞላሁት፣ ግንኙነት ሲገኝ ይላካል ያለው፣ አገኘና ተላከ። በራሴ ስም፣ ከራሴ ስልክ፣ ከዚሁ ከወይራው ሥር። ልመልሰው ብዬ ሁሉንም ቦታ ነካካሁ። የሚመለስበት የለውም።

ባለሙያው ሌላ ሥራውን ሲሠራ ውሎ ገና መንገድ ላይ ይሆናል። ቢሮው ሲደርስ ሲስተም ይኖር አይኖር አላውቅም። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያምኑም አላውቅም።

መሪጌታ ከቅጥሩ በር ሆነው «እናትሽን አገኘሻቸው?» ብለው ተጣሩ። ፊታቸው እንደ ጠዋቱ አይደለም፤ ቀልሏቸዋል። ልደውል ነው አልኳቸው። አልነገርኳቸውም። ነገም የምነግራቸው አይመስለኝም።

ደወልኩ። እናቴ ወዲያው አነሣችው።

«ሰዓዳ! ዛሬስ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ኔትወርክ ገባላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ እማ» አልኳት፣ «ሽፋን አለን።»