ሊዮን ላይ ስግደረደር

ኦክላንድ፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ 2017 ዓ.ም.

ሆዴ ወንጌላዊት፣

እንዴት ከረማችሁ? አማቼን ግሩምን ሰላም በይልኝ። ያብስራን ደግሞ ጉንጯን ሁለት ጊዜ ብቻ ሳሚልኝ፣ እንደ እናንተ ሊዮን ፈረንሳዮች፤ የቀረውን ራሴ ስመጣ እጨርሰዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከእናንተ ደረጃ ከተገላገለ ወዲህ ማማረሩን ትቷል። በስልክ ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ግን ፊትሽን ስክሪኑ ላይ ሳየው አፌ «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ከማለት ሌላ አላውቅ አለኝ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በዋትሳፕ እልክልሻለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት መምሬ ክንፉ እንዳስተማሩሽ፣ ፊደሉን በጣትሽ እየተከተልሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የከበደሽን ቃል ግሩም ይንገርሽ፤ መጨረሻውን ግን ለብቻሽ።

ትናንት ለጥምቀት ጓደኛዬ የወርቅውሃ ከኮንኮርድ መጥታ በመኪናዋ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ስትመልሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አየችብኝ። የቤቱ ማኔጀር ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ ለአንድ ዓመት እንዳድስ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ሥራ ትዝ ይለኛል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይን አድርጊው እንጂ! ሌክ ሜሪት ላይ እንዲህ ያለ አፓርትመንት ከለቀቅሽ መልሰሽ አታገኚውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ሦስት ወር እናንተ ጋ ሊዮን፣ ሦስት ወር እዚህ እያልኩ ስመላለስ፣ የቱ ቤቴ እንደሆነ ይህ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሊዮን መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። እሑድ ሲሆን ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ አገር ምድሩ ለቀብር የወጣ ይመስላል። የዳቦ ቤቷን ሴትዮ «ቦንዡር» ሳልላት ዳቦ ብጠይቃት፣ እኔን አልፋ ግድግዳውን አየች። ዳቦውን ገዝተው ገና መንገድ ላይ ጫፉን እየቆረሱ ይበላሉ፤ እኔ በልጅነቴ አድርጌው ቢሆን እናቴ ጆሮዬን ነበር የምትቆነጥጠው። ፎቅ የሚቆጥሩት እንደ አዲስ አበባ ምድሩን ትተው መሆኑን ኦክላንድ አስረስቶኝ፣ የማላውቀውን ሰው በር በቁልፌ ስታገል፣ ከውስጥ የከፈቱልኝ ሽማግሌ እንኳ መጀመሪያ «ቦንዡር» አሉኝ። ከዚያ ነው የተቆጡት።

ከሁሉ የወደድኳቸው ግን እነዚያ በሕንፃ ውስጥ የሚያሾልኩ መተላለፊያዎች ናቸው። የሰው ቤት በር ይመስላል፤ ገፋ አድርገሽ ስትገቢ ጨለምለም ያለ ኮሪደር፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ላይ ትወጫለሽ። ያብስራን ከትምህርት ቤት ስመልሳት «እማማ፣ በዚህ!» ብላ እጄን ይዛ ትጎትተኝ ነበር። «አሁን ደግሞ የት ልታወጪኝ ነው?» ስላት ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች። አሁን እዚህ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሐይቁን ሲሸፍነው፣ ዳር ዳሩን ስሄድ፣ ውሃው የሊዮኑ ሶን ወንዝ ይሁን ሌክ ሜሪት ይጠፋኛል። አንዱን በር ገፍቼ በዚህ በኩል የወጣሁ ይመስለኛል። የትንሽ ልጅ እጅ መዳፌ ውስጥ ይሞቀኛል፤ እንዳይለቀኝ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። ዳክዬዎቹ ሲጮሁ ነው የምነቃው። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩን «ቦንዡር» ብለው፣ «ዩ ቱ፣ ማማ!» ብሎኝ አረፈው።

ጎረቤትሽ ማዳም ፔራን በጥቅምት ምሳ የጋበዘችኝን አልነገርኩሽም። ድንች በክሬም ጋግራ አቀረበች፤ ምላስ ላይ የሚቀልጥ። ጨምሪ ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ስትገፋው፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኖን፣ መርሲ» አልኳት። መቼም ወጉ ነው፤ እንግዳ ይግደረደራል፣ ጋባዧ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳ እንደገና እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ግድ ሆኖበት ይበላል። ማዳም ፔራን ግን ፈገግ አለችና ሳህኑን አንስታ ኩሽና አስገባችው! ዓይኔ ተከትሎት ሄደ። ተግደርዳሪ ጦም አዳሪ አሉ፤ ቤት ገብቼ ለብቻዬ ስቄ ልሞት።

የመመለሻዬ ዋዜማ ዕለት ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እራት በልተን ያብስራ ተኝታለች።

«ማሚ፣ ለምን ፎር ጉድ ከእኛ ጋር አትኖሪም? ፔፐርወርኩን እኔ ሀንድል አደርገዋለሁ» አልሽኝ።

«አይ ልጄ፣ ቤቴ እያለ ለምን አስቸግራችኋለሁ?»

«ኦኬ ማሚ። ኢትስ ዮር ዲሲዥን።»

ውሳኔውን ለእኔ ትተሽ፣ ግንባሬን ሳምሽኝና ሳህን ልታጥቢ ተነሳሽ። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁሽ። ቧንቧውን ስትዘጊ ተመልሰሽ የምትመጪ መስሎኝ ነበር። ግሩም እንኳ ያግዘኛል ብዬ ዞር ብል፣ እሱ ሻንጣዬን እየመዘነ ነው።

አልፈርድብሽም፤ አክብረሽኝ ነው። ሰው አይሆንም ካለሽ አይሆንም ነው፣ ደጋግመሽ አታስጨንቂው ብዬ ያሳደግሁሽ እኔው ነኝ። ያስተማርኩሽ ግን ለሌላ ሰው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

ወንጌልዬ፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ቴሌቪዥኑን እንደከፈትኩ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከእናንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት፣ እጄም አልተቆረጠም። በአፌ ግን እሺ ለማለት መለመን አለብኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ከየት አምጥቼ ልለወጥ?

ያብስራን በሞገስ ያሳድግልሽ። ትዳራችሁን ይጠብቅላችሁ፤ እንጀራችሁ ይባረክ፤ በሰው አገር መወደድን ይስጣችሁ።

እናትሽ
አመለወርቅ

ይድረስ ለአንቺ ብቻ፦ ሊዙን አልፈረምኩም፤ ዓርብም ገና ነው። አንድ ጊዜ ጠይቀሽኛል። በእኛ ወግ ሁለት ይቀርሻል።