ሰማያዊ ጭቃ

ማርች 5

አውቶቡሱ መጣ። የዓመቱ የመጀመሪያው። የሁሉም አንገት ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። የጥንቶቹን ሰዎች ቤተ መቅደስ ያያሉ፣ ሐይቁ ላይ ወፍ ያያሉ፣ ሲጨርሱ የእኔ ግቢ። እኔ ግቢ ምን አለ? ቤቴ የተደገፈበት የጥንቶቹ የከተማ ግንብ፣ ግንቡ ላይ ደግሞ ጭቃ የምትለጥፍ ወፍ። ለእሷ ብለው ከሆላንድ ድረስ...

መሪያቸው ቶልጋ ይባላል፣ የኢዝሚር ከተማ ልጅ ነው። "አጎቴ ዱርሙሽ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!" ይላል ሁልጊዜ። የእሱ አምስት ደቂቃ ቀትርን ያሻግራል። በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ግን አንዴ ደጅ ከቆመ እንግዳ ነው፣ እንግዳን ደግሞ ሻይ ሳያጠጡ መሸኘት በእኛ መንደር ነውር ነው። አፈላሁላቸው። እየተሳደብኩ አፈላሁ። ሚስቴ ጉልሱም ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር።

ሞታለች ለካ። ሁለት ዓመቷ።

የግንቡ ስንጥቅ ሰፍቷል። ጣቴ ይገባል።

ማርች 10

ዝናብ። በስንጥቁ ገብቶ ፍራሼን አረጠበው። ሦስቱ ግድግዳ የአባቴ ነው፣ የኋላው የጥንቶቹ። መንደሩ በሙሉ ፍርስራሽ ላይ ስለተሠራ ምስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው። ሙዚየሙን የማደሻ ፈቃድ ከጠየቅኩ ቆየሁ። "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው" ይላሉ። እኔም በመታየት ላይ ነኝ... በመነጽር።

ነርሚን ከኢዝሚር ደወለች። "አባዬ፣ ሳይወድቅብህ ና። ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ።"

አምስተኛ ፎቅ! "ወፍ ነኝ እንዴ?" አልኳት።

"አይደለህም፣ በቅሎ ነህ" አለችኝ። ልጄ ናት፣ ምላሷ ግን የእናቷ ነው።

እዚህ ተወለድኩ። ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው።

ማርች 15፣ አርብ

ሰዉ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ "ጉልበቴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ጭቃ በገለባ አቦካሁ። ኖራ የለኝም። ጓዳ ብፈልግ የጉልሱም የኖራ ቆርቆሮ ተገኘ። ቤት ልትቀባ በጥብጣው ሳትጨርስ የሄደችው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሰማያዊ ዱቄት ትጨምርበት ነበር። ግድግዳ ሰማይ ሰማይ ካላለ ቤት አይመስላትም። ወቅጬ ከጭቃው ጋር ለወስኩት።

ስንጥቁን ከውስጥም ከውጭም ሞላሁት። በውጭ በኩል ሐረግ ጎትቼ ሸፈንኩት። ማንም አላየኝም። እጄ ገና ይሠራል።

ማርች 17

ወፏ ባልዲዬ ጫፍ ላይ ቆማ ከተረፈው ጭቃ ትጭራለች። "ሌባ!" አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። ጎጆዋ ከስንጥቁ በላይ ነው፣ በየዓመቱ ያንኑ ታድሳለች። ያለ ፈቃድ! ማን ይከሳታል?

ማርች 26

አውቶቡሱ። ሐረጉን እንዳያነሱብኝ ብዬ በሩ ላይ "ዛሬ አሞኛል፣ አትግቡ" አልኩ። ቶልጋ "ምን ነካህ አጎቴ?" ብሎ ጭራሽ ግንባሬን ሊነካ ገባ። ተከትለውት ገቡ።

ባለሦስት እግሩን መነጽር ተከሉት። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

"አጎቴ፣ የምናየው እኮ ጀርባህን ነው።"

"ጀርባዬም ጥንታዊ ነው፣ እዩት!"

ተረጎመላቸው፣ ሳቁ። አንዲት ረጅም ባልቴት ግን በጎኔ ዞራ አየችና ጮኸች። ቶልጋ ሮጦ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ደቀነ። ጸጉሩን ያዘ። "ሰማያዊ ጎጆ! አጎቴ፣ ሰማያዊ ጎጆ!"

እንደ እንስራ አንገት ወጣ ያለው የጎጆዋ አፍ በሙሉ ሰማያዊ ነው። ታች ወርዳ ከእኔ ልጣፍ ጋር አጋጥማዋለች። ከዚያማ ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ።

ረጅሟ መነጽሩን ወደ እኔ ቁመት ዝቅ አደረገችልኝ። አልፈልግም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ አየሁ... የጉልሱም ቀለም ነው። እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። "ሻይ ላፍላ" ብዬ ገባሁ። ቆየሁ።

ኤፕሪል 1

ሻይ ቤት። ሻባን ስልኩን ጭንቅላቴ ላይ ያወዛውዛል። አብሮ አደጌ ነው፣ መንደሩን የሚያምሰውም እሱ ነው። "ዱርሙሽ፣ ጎጆህ ዓለምን ዞረ! ወፏ ሰማያዊውን ከየት አመጣችው እያሉ ሊቃውንቱ ይጨቃጨቃሉ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስንቱ ጉልሱም ቤት ስትቀባ አይቷል...

"የቤትህ ቀለም ምን ነበር?" ይላል ደግሞ ይሄ አህያ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ኤፕሪል 8

ፎቶውን አይተው ሰው ላኩብኝ። ሸይማ የምትባል የሙዚየም ሠራተኛ፣ የልጅ ልጄ እኩያ። በቀጥታ ሄዳ ሐረጉን ገለጠችው።

"ማን ነው የለጠፈው?"

"ወፏ።"

"ጣት አላት?"

የጣቶቼ ፈለግ በሙሉ ጭቃው ላይ ደርቋል።

"አባቴ፣ ይሄ ጭቃ ይነሳል። ቤቱም አደገኛ ነው፣ መልቀቅ አለብዎት።"

ቶልጋ ሰዎቹን ይዞ እዚያው ነበር። "ወፏ እንቁላል ታቅፋለች" አላት። "ጭቃው ከተነሳ ጎጆው ይወድቃል። ጎጆ ማፍረስ ደግሞ በሕግ ያስቀጣል።"

ሁለት ሕግ ግቢዬ ውስጥ ተፋጠጠ። እኔ መሃል ላይ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ሸይማ አንዱን ብርጭቆ አነሳች። ጠጣች። "እሺ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ" አለች።

ኤፕሪል 30

ከግቢ አልወጣም። የሻባን ድመት ታደባለች። በትር ይዤ በለሷ ሥር እቀመጣለሁ። ወፏ ትል ይዛ ትገባለች፣ ባዶ አፏን ትወጣለች። እሷ ለልጆቿ፣ እኔ ለግድግዳዬ። እሷ ስትጨርስ እኔ አለቀልኝ።

ቀስ በሉ... ምን አስቸኮላችሁ?

ሜይ 18

በረሩ። አራት ነበሩ። የመጨረሻው ጎጆው አፍ ላይ ቆሞ ፈራ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። "ቆይ" አልኩት። ሄደ።

ሻባን "ለሸይማ አትንገራት፣ ማን ያውቅብሃል?" ይላል። ዱርሙሽ በወፍ ጀርባ ተደብቆ ኖረ ሊባል? ራሴ ደወልኩላት።

ሜይ 27

ሸይማ ሁለት ሠራተኞች ይዛ መጣች። የረመዳን ጾመኞች ናቸው፣ ሙቀቱ ደግሞ... ውሃ እንኳ ላቀርብላቸው አልቻልኩም። መዶሻ ሲያነሱ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጭቃው አልነሳም አለ! ወፏ በምራቋ አጠንክራው ከእኔው ጋር አንድ አድርጋዋለች። ሲመቱት የጥንቶቹ ድንጋይ አብሮ ተሸረፈ። "ተዉት! ተዉት!" ብላ ሸይማ ጮኸች። ስልክ ይዛ ግቢውን ስትዞር ቆየች። በመጨረሻ መጣች።

"ይቆይ ተብሏል። የእኛ መሐንዲስ በብረት ይደግፈዋል። እርስዎም ይቆዩ። ግን ምንም አይንኩ። ቤቱ ደግሞ የተፈቀደልዎት ሰው እስካለበት ድረስ ነው። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ይታሸጋል።"

"እሺ።"

ሻባን አጥር ላይ ሆኖ "አሸነፍክ!" ይላል። አሸነፍኩ።

ጁን 20

ባዶ ሆኖ ከተገኘ... መቼ ነው የሚገኘው? ገበያ ብሄድ? ዛሬ ጉልሱም መቃብር ሄድኩ፣ የፋቲሃ ጸሎቴን አጣድፌ ተመለስኩ። ማንም አልመጣም ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደኅና ነገር እንኳ አላልኳትም።

ጁላይ 14

ኤዝጊ ልታገባ ነው፣ የነርሚን ልጅ። ሴፕቴምበር 7፣ ኢዝሚር። አባቷ የለም። በወጋችን ከቤት ስትወጣ ወገቧ ላይ የሙሽራ ቀይ መቀነት የማስርላት እኔ ነኝ። ሌላ ወንድ የላቸውም።

"ቤቱስ?" አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ነርሚን "አባዬ፣ መቀነቱን ለግድግዳህ እሰርለት" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ኦገስት 9

ሻባን "እኔ ቤትህ እተኛልሃለሁ" አለ። ሻባን? የራሱን ቤት እንኳ የማይጠብቅ። ደግሞ የመንደር ሰው ቢተኛበት የቤቱ ሰው አይባልም። ቢመጡ "ጎረቤት ነኝ" ሊል ነው።

ነርሚን አልደወለችም።

ኦገስት 31

ጎጆው ባዶ ነው። ለወፏ ማንም አያሽግባትም። በፀደይ ትመለሳለች። እኔ በራሴ ጭቃ ራሴን ለጠፍኩ። ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው ያልኩት ራሴ አይደለሁ? ይኸው።

ሴፕቴምበር 6

አውቶቡሱ። የመጸው ወፎች ሊያዩ ነው። ረጅሟ ባልቴትም ተመልሳለች። ቪለሚን ነው ስሟ፣ ዛሬ ጠየቅኩ።

"አጎቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!"

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። እጄ ቆመ። በዚህ ቤት ጉልሱም እንግዳ እያለ በር ዘግታ አታውቅም። "እንግዳ ያለበት ቤት አይዘጋም" ትል ነበር። ባዶስ ይባላል?

"አምስት አይበቃኝም" አልኩት። "እስከ ነገ ወዲያ ቆዩ። እዚሁ እደሩ።"

ቶልጋ አፉን ከፈተ። የኤዝጊን ነገር ነገርኩት። "አጎቴ፣ ሸይማ እኮ አንድ ሁለት ሌሊት አትቆጥርብህም!"

"እኔ እቆጥራለሁ።"

ተረጎመላቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ቪለሚን ቦርሳዋን አነሳችና ቤቴ ውስጥ፣ ፍራሹ አጠገብ አስቀመጠችው። ሌሎቹ ግቢው ይበቃናል አሉ።

ሻዩ የት እንዳለ፣ ወይራው የት እንዳለ፣ በሩ የቱ ጋ እንደሚያንገራግር አሳየኋት። ምስማር አትምቺ ለማለት በእጄ መዶሻ ሠራሁና ራሴን ነቀነቅኩ። እሷም በእጇ መዶሻ ሠርታ ራሷን ነቀነቀች።

ቁልፉን አልሰጠኋትም። በሩን ክፍት ነው የተውኩት።

ሴፕቴምበር 7፣ ኢዝሚር

መቀነቱን አሰርኩላት። እንደ ወጉ ሁለቴ አዙሬ ፈታሁት፣ በሦስተኛው አሰርኩት። ኤዝጊ "አያቴ፣ ጠበቀ" አለች፣ እያለቀሰች። ላላ አደረግኩላት።

አሁን አምስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ነኝ። ያን ያህል አያስፈራም። ቶልጋ ፎቶ ልኳል። የቤቴ በር ክፍት ነው፣ ቪለሚን ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ሸይማ የእኔን ብርጭቆ ይዛ ሻይ ትጠጣለች! ልታሽግ መጥታ ይሆን ልትጠይቀኝ? ሻይ አጠጥተዋታል።

ነርሚን መጥታ አጠገቤ ቆመች። "ነገ በጠዋት ልትሮጥ ነው አይደል?"

"ምን አስሮጠኝ?" አልኳት። "ቤት እንግዳ አለብኝ።"