ሰሌዳህን የለወጥኩበት ምክንያት

ለውድ ወንድሜ ለሲያቫሽ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህ ዛሬም ያምሃል ወይስ ተወህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ሳሉ ለቀቃት። አባዬም ያው ነው፤ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጡትን የገመድ ወንበሮች ያንቀሳቅሳል።

አሁን የምነግርህን ሳትቆጣ አንብበው። ትተህልኝ የሄድከውን የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በሌላ ለወጥኩት።

ዘንድሮ የተራራው ነፍስ አድን ቡድን ሴቶችንም እፈትናለሁ አለና ተመዘገብኩ። የብረት ጠርዙን እንዲስሉልኝ ሰሌዳ ጠጋኙ ጋሽ ኬይቫን ዘንድ ስወስደው ሳቁብኝ። «አንቺ፣ በዚህ ነው ሰው የምታድኚው? ይሄ እኮ የወንድምሽ መጨፈሪያ ነው! ለመዝለልና ለመሽከርከር ነው እንጂ ጥልቅ በረዶ ላይ አፍንጫው ይሰጥምብሻል» አሉኝ። ተናድጄ ግድግዳው ላይ ካሉት ረጅሙንና ደረቁን አነሳሁ። «እሱ ደግሞ ለተደለደለ ቁልቁለት፣ ለፍጥነት ነው። ዛፍ መሃል አልታጠፍም ቢልሽስ? መጀመሪያ የት እንደምትሄጂ ንገሪኝ።»

የተጎዳ ሰው የት እንደሚወድቅ በምን አውቃለሁ? ይህንኑ ስነግራቸው ከጓዳ አንድ ያገለገለ ሰሌዳ አወጡ፤ ለስላሳም ደረቅም ያልሆነ፣ አፍንጫው ከጅራቱ ረዘምና ሰፋ ያለ። «ይሄ በምንም አንደኛ አይደለም፤ የትም ግን አይጥልሽም» አሉኝ። ያንተን ሰጥቼ ወሰድኩት። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ።

በፈተናው ዕለት የታችኛው ቁልቁለት በረዶው ጠጥሮ መስታወት ሆኖ ነበር፤ ጠርዙ ነክሶ ያዘልኝ። ከላይ ግን አዲሱ በረዶ እስከ ወገብ ይደርሳል። እዚያ ሳለን ከዛፎቹ መሃል የአንድ ሰው ጩኸት ሰማን። ሚስቱ ዛፍ ሥር በረዶው ውስጥ በጭንቅላቷ ተተክላ እግሯ ብቻ ይታያል። ሰሌዳው ሳይሰጥም በዛፎቹ መሃል አሳልፎኝ ከሌሎቹ ተፈታኞች ቀድሜ ደረስኩ። በእጄ ቆፍሬ ፊቷን አወጣሁት። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መነጽሬስ?»

ተቀበሉኝ፣ ወንድም ጋሼ!

አንተ ጉልበትህን ከተሰበርክ ወዲህ አባዬ ወደ ተራራው ስወጣ ፊቱን ያዞር እንደነበር ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ሰሌዳውን ከእጄ ተቀብሎ እስከ ቤት ተሸከመልኝ። ደጃፍ ስንደርስ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አለኝ።

ለባለቤትህ ለሊና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ትንሿን ልጅህን ኒኪን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። አባዬም ሰላም ብሎሃል፤ ደብዳቤውን ራሴ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ ብሎ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

እህትህ ማህሮኽ
ሸምሻክ፣ በአገራችን አቆጣጠር ባህማን 14 ቀን 1402