ያልደረሰው የፍሬን ዕቃ

ልጄ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፤ የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን።

ለአባትሽ የገዛሽለት ስኩተር ፍሬኑ ተበላሽቶ ጋራዥ ከገባ ሰነበተ። መካኒኩ «በዋስትናው በነፃ እንሠራዋለን፤ መለዋወጫው ግን ገና መንገድ ላይ ነው» ይላል። አባትሽ በየቀኑ በእግሩ እየሄደ ይነዘንዘዋል፤ ኮርቻውንም ወልውሎ ይመለሳል።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቀው፣ «እንደምን ዋሉ እመቤት» ብሎኝ ሊያልፍ ነበር። በድምፄ ነው ያወቀኝ። «ዓይንህን ሐኪም ይየው» ብለው፣ «ስኩተሩ ሲሠራ በሱ እንሄዳለን» አለኝ።

መለዋወጫውን እዚያ ፈልገሽ ልትልኪለት ቃል እንደገባሽለት ነግሮኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ የኔ እናት፤ ብታገኚውም «አጣሁት» በይልኝ።

እናትሽ